ያልተነሳው ፍራሽ

አስራ ዘጠኝ፣ እንደገና ትቆጥራለች፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሀያ ቢሆን ምን ሊለወጥ፣ አስራ ስምንት ቢሆንስ፣ ግን እጇ አንዴ መቁጠር ይዟል፣ በግራዋ የፍራሹን ጠርዝ እንዳነሳች ናት፣ በቀኝ መዳፏ ላይ ሮዝ ካልሲ፣ ከካልሲው የተዘረገፉ ነጫጭ ክኒኖች፣ ጠርዛቸው ሟሙቶ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ምራቅ ነክቷቸዋል። ከአፍ የወጡ ናቸው። በየጠዋቱ ውሃ አቀብላት፣ ዋጥሽ? ዋጥኩ ሲስትዬ፣ ጎበዝ፣ ፊርማ።

ሲስተር ነው የሚሏት፣ ልጆቹም ዶክተሩም፣ በዚህ የልጆች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስራ አንድ ዓመት፣ እንኳን ካልሲ የጫማ ሶል ውስጥ የተደበቀ ነገር ፈልፍላ ያወጣች ሴት፣ አዳዲስ ነርሶች ሲመጡ ጣቷን እያወዛወዘች የምታስተምረውም እሷው ናት፣ መድኃኒት ስጡ፣ አፍ አስከፍቱ፣ ምላስ አስነሱ፣ ጉንጭ እዩ፣ ጠዋት ጠዋት ፍራሽ አንሱ፣ የማንንም ልጅ፣ የምታሳዝናችሁን ልጅ ደግሞ ሁለቴ አንሱ። ሁለቴ! ማውራት ብቻ።

ለዚች ልጅ አላነሳችም። ለዚች ብቻ። ጠበቃዋ ይሏታል፣ ስሙን ያወጣችላት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ መስኮቱ ለምን ተዘጋ፣ ሳሙናው ለምን አነሰ፣ ትንሿ ልጅ ብታለቅስ ሁላችንም ለምን ቴሌቪዥን እንከለከላለን፣ በሁሉም ትሟገታለች፣ አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ እንዴት እንደመጣች ፋይሉ በሁለት መስመር ይናገራል፣ እናቷ በሩን ገፍታ ባትገባ ኖሮ። ሁለት መስመር። በመጣች በአራተኛው ቀን አፍሽን ክፈቺ ስትላት ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ሲስትዬ፣ ሌባ ነኝ እንዴ፣ ቤት ቦርሳዬን ይፈትሻሉ፣ እዚህ ደግሞ አፌን፣ የኔ የሚባል ምን ቀረ፣ ስምምነት እናድርግ፣ እኔ እውጣለሁ፣ አልጋዬንም ራሴ አነጥፋለሁ፣ አንቺ አትዪኝ፣ አንድ ሰው እንኳን ይመነኝ። አንጀቷን በላቻት። እሺ አለች፣ እሺ ለማለት ምን ጊዜ ይፈጃል።

ደግሞ ሠራ እኮ! ያ ነው የሚያበሽቀው፣ ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷ ፈካ፣ ምግቧን ጨርሳ በላች፣ የትናንሾቹን ፀጉር ትሠራለች፣ የጽዳት ሠራተኛዋን አረማመድ እያስመሰለች ክፍሉን ሙሉ አሳቀች፣ ዶክተሩ አዲሱ መድኃኒት ተስማምቷታል አለ፣ መድኃኒቱ ፍራሽ ስር ተጋድሞ፣ ሲስተርም አንገቷን ነቅንቃ፣ በልቧ ግን መድኃኒቱ አይደለም፣ እኔ ስላመንኳት ነው እያለች፣ ኮርታ። አዎ፣ ኮርታ ነበር፣ አሁን ማን ይሰማብኛል፣ ኮርታ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፣ ኧረ ተይ፣ ፈረሱ ምን አደረገ፣ ኮርቻውን ያላጠበቀው ማን ሆነና። መዝገቡስ፣ ታካሚዋ የታዘዘላትን መድኃኒት በአግባቡ ወስዳለች፣ የተለየ ችግር አልታየም፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ አስራ ዘጠኝ ጊዜ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዛሬ ነው የምትወጣው። ለዚያ ነው ፍራሹ የተነሳው፣ ልጅ ሲወጣ አንሶላ ይገፈፋል፣ ፍራሽ ይወለወላል፣ ለሚቀጥለው ልጅ፣ ሁልጊዜ የሚቀጥል ልጅ አለ። እናቲቱ እንግዳ መቀበያው አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ እህቴ፣ የልጄን ወገብ ልክ ብትነግሪኝ፣ ከስታለች ወይ ወፍራለች አላውቅም፣ አለች፣ ሲስተርም የሕፃናት ጭንቅላት በሚለካበት ሜትር ለካቻት፣ እየተኮረኮረች ስትስቅ፣ ያኔ አስራ ሁለቱ ክኒኖች እዚህ ነበሩ። ከአጠገባቸው፣ ፍራሹ ስር።

መጸዳጃ ቤቱ አስር እርምጃ ቢሆን ነው፣ ውሃ ይወስደዋል፣ ማን አየ፣ ካልዋጠች ካልዋጠች፣ ያለ ክኒን ከተሻላት አላስፈለጋትም ማለት ነው፣ ሂጂ ቤትሽ፣ እናት አለችሽ። ታዲያ ለምን አልጣለችውም? መድኃኒት ያስጠላው ልጅ ይተፋል፣ ሽንት ቤት ይከታል፣ በመስኮት ይወረውራል፣ ስንቱን አይታለች፣ ክኒን የሚያጠራቅም ልጅ ግን፣ አንድ ጊዜ ስማ የሸኘቻት ሌላ ልጅ ነበረች፣ አታስቢው፣ ቦርሳዋን ራሷ ይዛላት እስከ በሩ፣ አታስቢው አልኩሽ። ያ ሁሉ ሳቅስ? የውነት ሳቅ ነበር ወይስ ለመውጣት? አይኖቿን ታስታውሳለች፣ የውነት ይመስሉ ነበር፣ ለሷ ሁሉም የውነት ይመስላት ነበር፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

እግሯ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አይሄድም። ወደ ኮሪደሩ ነው። ጠበቃዋ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ትንሿን ልጅ ጉንጉን ትሠራታለች፣ አትንቀሳቀሺ፣ መልክሽን ላሳምረው ነው፣ ቀና ብላ ሲስተርን ታያለች፣ ከዚያ የተጨበጠውን እጇን ታያለች፣ ጉንጉኑን ትቀጥላለች።

ዶክተሩ የመውጫ ወረቀቷ ላይ ሊፈርም ነው፣ የመጨረሻ ወንድሟ እኩያ ነው፣ ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች። ምንድን ነው ሲስተር? የጠበቃዋ ነው፣ ከፍራሹ ስር፣ ከአራተኛው ቀን ወዲህ የሰጠኋት ሁሉ፣ አንድም አልዋጠችም። ካልሲውን ያያል፣ መዝገቡን ያያል፣ አፏን አያዩም ነበር እንዴ? አላይም ነበር። እርስዎ? እኔ። ቢጮህባት፣ ምነው ቢጮህባት፣ ብዕሩን ከድኖ ዛሬ አትወጣም ይላል፣ ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር፣ ሌላውን ከክፍሉ ኃላፊ ጋር እናየዋለን።

ዛሬ አትወጣም ስትላት እናቲቱ አታለቅስም። ለልጇ የሰፋችውን ልብስ ከፌስታሉ ታወጣዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ የታጠፈውን እንደገና ታጥፈዋለች፣ እኔ ጋ ስለምትመጣ ነው? ሌላ ቤት ብትሄድ ትወጣ ነበር? አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለማየቴ ነው። ተይ እህቴ፣ አንቺማ ደግ ነሽ፣ በስልክ ስታወራኝ ስምሽን ጠርታ አትጠግብም፣ ሲስትዬ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፣ አትፈትሸኝም ትለኛለች። ብትሰድባት ምናለ። ሲስተር ልብሱን ተቀብላ ወደ ክፍሉ ትመለሳለች፣ ምን ልትላት፣ ቃሌን አፈረስኩ ልትላት፣ ትጮህባታለች፣ ትሟገታታለች፣ ትጩህ፣ መብቷ ነው።

ጠበቃዋ ባዶው የብረት አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።

አገኘሽው? አገኘሁት። ለዶክተሩ ነገርሽው? ነገርኩት፣ ዛሬ አትወጪም፣ እናትሽ ይህን ሰጥታሻለች። ልጅቷ ልብሱን አትቀበልም፣ ሲስተር ክርክሩን ትጠብቃለች፣ ስምምነታችንስ፣ አንቺም እንደነሱ፣ መልስ አዘጋጅታለች፣ ክርክሩ ግን አይመጣም።

በመጀመሪያው ሳምንት ታገኚዋለሽ ብዬ ነበር፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ከትንሿ ልጅ ድምፅ ይሳሳል፣ በየጠዋቱ እዚህ ጋ እቆማለሁ፣ ዛሬ ታነሳዋለች እላለሁ፣ ዛሬ ታነሳዋለች፣ አንቺ አይተሽኝ ትስቂና ትሄጃለሽ፣ ሳይበዛ እንድታገኚው ነበር የፈለግኩት ሲስትዬ፣ ከዚያ በዛ፣ ሲበዛ ፈራሁት።

አትዪኝ ብለሽኝ! አፍሽን ሞልተሽ አትዪኝ አላልሽኝም? ልጄ፣ አላልሽኝም?

ብዬሻለሁ፣ ትላለች ልጅቷ፣ አሞኝ እኮ ነው። አንቺ ደግሞ እሺ አልሽ።