ለእታለማሁ የተቀባ አልጋ

ስፕሬይ ቀለም ውሸት ከሰማ ቶሎ ይደርቃል። ይህን የነገረኝ ቀለም ሻጩ ኑርሁሴን ነው።

እህቴ እታለማሁ ቅዳሜ ከጅማ ልትመጣ ነበር። ደብረ ብርሃን ያለውን ቤቴን ረግጣው አታውቅም። ከባለቤቴ ከማንጠግቦሽ ጋር በሠርጋችን ቀን ተቀያይመው፣ እንደተኳረፉ ፀጉራቸው ሸበተ። በቀደም ግን ልቧ ራራና ደወለችልኝ። «ጎኔን የማሳርፍበት አልጋ ካለህ እመጣለሁ» አለችኝ። አልጋማ በእንግዳ ክፍሉ አለኝ፤ የብረት ነው፣ ዝጎ ነበር። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አረንጓዴ ስፕሬይ ነፋሁበት። የደብረ ብርሃን ሐምሌ ምን ያደርቃል? ውሎ አድሮም ሲነኩት ይጣበቃል። በመጀመሪያ ቀኗ ቀሚሷን አበላሽቼባት ደግሞ ሌላ ኩርፊያ! ዓርብ ጠዋት እየተነጫነጭሁ ወደ ኑርሁሴን ሱቅ ሄድኩ።

«በስሱ ይንፉት ጋሼ» አለኝ። «አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አይደርቡበት። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ ከሰል አጠገብ ግን እንዳያስጠጉት፣ ይፈነዳል። መስኮት ይክፈቱለት።»

«ሁሉንም አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው ይዋሹበት።»

«ምን አልከኝ?»

«አጠገቡ ቆመው ይዋሹ። ቶሎ ይይዛል» አለና ሌላ ደንበኛ ወደ ማስተናገዱ ዞረ።

እኔ እንደሁ ሰው አላምንም። ቤት ገብቼ ሞከርኩት። «የማንጠግቦሽ ሽሮ ጨው በዝቶበት አያውቅም» አልኩ። አንዱ የራስጌ እግር እጄ ስር ደረቀ። «ኧረ በዝቶበት ያውቃል» አልኩ ወደ ሌላው እግር ዞሬ። እሱ እርጥብ እንደሆነ ቀረ። ኑርሁሴን እውነቱን ነው።

ወዲያው የእድራችን ዳኛ አቶ በላቸው መጣ። ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው አልነበረም።

«ና፣ ቁርስ ቅመስ» አልኩት።

«አሁን በልቼ ነው የወጣሁት።»

ያኛውም እግር ደረቀ። ይሄስ ይሉኝታ ነው፣ ማን ውሸት ይለዋል? ቀለም ግን ይሉኝታ አያውቅም።

«ምን እግር ጣለህ?»

«እንዲያው በዚህ ሳልፍ ነው» አለ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። የራስጌው ብረት ከዳር እስከ ዳር ደረቀ። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ።

ከእሱ ኋላ ጎረቤት ሁሉ ይመላለስ ጀመር። በር ላይ ከማንጠግቦሽ ጋር ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ብቅ ስል ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በገዛ ግቢዬ እኔን የሚያልፍ ወሬ እንዳለ ገባኝ። ማንጠግቦሽን ጠራኋት። ዓይኗ ፍም መስሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሽንኩርት ልጬ ነው።»

የግርጌው እግሮች ደረቁ።

«እታለማሁ ደወለች?»

«ጠዋት ደውላለች። ሰላም በይልኝ ብላሃለች።»

የአልጋው ሁለት ጎኖች ባንድ ላይ ደረቁ። ደሜ ፈላ! ማንጠግቦሽ ያ ሁሉ ዓመት የቋጠረችው ቂም ነው፤ ደውላ «እንዳትመጪ» ብላታለች፣ ጎረቤቱም ይህንን ያውቃል። ያልደረቀ የቀረው የግርጌው የላይኛው ብረት ብቻ ነበር። እጄን እሱ ላይ አድርጌ ፊቷን አየኋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እህቴን አስቀርተሻታል?»

«እኔ? በማርያም! እንድትመጣ እኔም እግዜርን ስለምን ነበር።»

እጄን አነሳሁ። አረንጓዴ ሆኗል። ደግሜ ጠየቅኋት፣ ደግማ ማለች፤ ብረቱ እርጥብ ነው። እውነቷን ነበር። ቁጣዬ ሄደና ባዶ ቦታው ላይ ፍርሃት ገባ። መጠየቅ አልፈለግሁም፤ አፌ ግን ጠየቀ።

«ታዲያ በሕይወት አለች?»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አለች እንጂ! ምን ዓይነት ሟርት ነው ደግሞ? የደም ግፊትህን አታስብም?»

ብረቱ ጣቴ ስር ደረቀ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ቀለሙ ለማንጠግቦሽ አልነገርኳትም። ሲነጋ ሽማግሌ መጥቶ እስኪያረዳኝ፣ እንደ ወጉ፣ መርዶውን ለብቻዋ ይዛ ልታድር ነው፤ አሳዘነችኝ። እታለማሁዬን ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋትም፣ አንጀቴ ተቃጠለ። ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ቆርቆሮውን አንስቼ ያንኑ ብረት እንደገና ነፋሁት።

«ነገ ትመጣለች?» አልኩ።

ማንጠግቦሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ትመጣለች» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

ነካሁት። አረንጓዴው ጣቴ ላይ ወጣ። አብዝቼ ነፍቼው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። መስኮቱን ከፈትኩለት፣ በአፌም እፍ አልኩበት። እርጥብ ነው። ተነስቼ ፍራሹን አነጠፍኩ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ደረብኩበት።

ጎህ ሲቀድ አቶ በላቸው ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ። ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆሙ።

«እንግዲህ ወንድይራድ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን . . .» ብሎ ጀመረ።

«አውቄዋለሁ» አልኩት።

ማንጠግቦሽ ጮኸች። በር ላይ የሚጠብቁት ሴቶች ተቀበሏትና ግቢው በእሪታ ተናጋ። እኔም ልጮህ አፌን ስከፍት የእንግዳ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አየሁት። ዘግቼው ነበር።

ገባሁ። የግርጌው ብረት ላይ አራት ጣት ታትሟል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲያወልቅ እንደሚይዘው ነው። ፍራሹ መሃሉ ሰምጧል። ብርድ ልብሱ እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ስለነበር ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት፤ ሐምሌ አይደል? በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ወጣሁ።

«ዝም በሉ እንጂ» አልኳቸው። «ከጅማ ድረስ መጥታ ደክሟታል፤ ተኝታለች።»

አቶ በላቸው ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ማንጠግቦሽ ደረቷን ልትመታ ያነሳችውን እጅ አየር ላይ አቆመችው። ለቅሶው ከደጅ እስከ ቤት ተራ በተራ ቆመ።

ከውስጥ አልጋው ሲጥ አለ። እታለማሁ ወደ ግድግዳው ዞረች።