ሐምራዊ የጎደለው ሳህን

«ይሄ እኮ ያልተቀባ ግድግዳ ነው» አሉ አባቷ፣ ሳህኑን መልሰው እየገፉ።

ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ነጭ ዳቦ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነችው ልጃቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ሲቀልዱ ስትሰማ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲቀቡ የኖሩት ሰውዬ ከደጅ መውጣት ትተው፣ ምግብ ሁሉ አፈር አፈር እያላቸው ከርመዋል። እሷም አውቶቡሷን ለሌላ ሾፌር እየሰጠች፣ ፈቃድ በፈቃድ ላይ እየለመነች አብራቸው ትውላለች። ዛሬ ጠዋት ግን ሐኪሙ፣ «አባባ፣ ሳህንዎ ላይ ቀለም ይብዛ፤ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም፣ ሐምራዊውም» ሲላቸው ዓይናቸው በራ።

«ቤት ያለው ይሄው ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ፣ ገበያ እንሂድ።»

ወገቤን ሲሉ የከረሙት ሰው ገበያው ውስጥ ሲከንፉ እሷ ከኋላ ቁና ቁና ተነፈሰች። ካሮቱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና፣ «ይሄ ውሃ የበዛበት ነው» ብለው ደመቅ ያለውን መረጡ። ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ማንጎ ዘንቢሉ ውስጥ ገባ። ሐምራዊ ግን ጠፋ።

«ቀይ ሥር አለልዎት» አለች አንዷ ነጋዴ።

«ስሙን ራስሽ ቀይ አልሽው እኮ፣ ልጄ።»

ነጋዴዋ እየሳቀች ወደ ጥጉ መደብር ጠቆመቻቸው። እዚያ የተከመረ ሐምራዊ ጥቅል ጎመን አገኙ። ሻጩ አንዱን ለሁለት ሲሰነጥቀው ነጩና ሐምራዊው እንደ ማዕበል ተጠላልፎ ታየ። አባቷ አንዱን ግማሽ አንስተው አገላበጡት።

«እናትሽ የምትወደው ቀለም» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ በቃ፣ ቀኑ እዚህ ላይ ተበላሸ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ወደ ሻጩ ዞር ብለው፣ «ሁለቱንም ግማሽ ጠቅልልልኝ» አሉት።

ቤት ሲደርሱ ቢላውን አላስነካ አሏት። ራሳቸው ከትፈው፣ ጨውና ሎሚ ነስንሰው፣ ቀለሙን በቀለም ላይ ደርድረው፣ ራቅ ብለው ካዩት በኋላ ቁጭ ብለው ይበሉ ጀመር። ጎመኑ ጥርሳቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል። እንደ ልማዷ የነገውን ፈቃድ ልትጠይቅ ስልኳን አነሳች።

«ለአለቃሽ ነው?» አሉ አባቷ፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ።

«አዎ።»

«ነገ እገባለሁ በይው። ገበያውን ለእኔ ተይው።»