የነርሷ ጆሮ

መምህሩ ሳክስፎን ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ሶሎ አይሸመደድም።» የጃዝ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ለብቻው የሚነፋውን እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥረዋል እንጂ ከቤቱ ቋጥሮ አይመጣም ይል ነበር። ነርሷንም ከፈተና የጣላት በዚሁ ነው።

ነርሷ የሚሏት በእርግጥም ነርስ ስለሆነች ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ክሊኒክ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ በዕድሜ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ለፈተናው ሶሎዋን ቤቷ ጽፋ፣ ሸምድዳ ነበር የመጣችው። መምህሩ ሲነቃባት አልካደችም። «ይገባኛል መምህር፤ እደግመዋለሁ» ብላ ወጣች።

ለድጋሚው ፈተና ይረዳኛል ብላ፣ መምህሩ ዓርብ ዓርብ አመሻሹ ላይ የሚጫወትበት ሆቴል ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። የእሱን ሶሎ በስልኳ እየቀዳች ቤቷ ገብታ በኖታ ጻፈችው። ሰኞ ዕለት፣ ክፍሉ ጢም ብሎ ሳለ፣ የሦስቱን ዓርብ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችለት።

«መምህር፣ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ። ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ።»

አልተሳሳተችም። ትንፋሽ የሚስብበትን ቦታ ሳይቀር በትንሽ ምልክት ይዛዋለች። መምህሩ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ባዶ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ጣቶቹ ቁልፉ ላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ምንም። በማግስቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ይህንኑ ሶሎ በእርሳስ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ተጫውቶ አያውቅም።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል። መምህሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጥፋቱ የጆሮሽ ነው» አላት። «ልዩነት የማይለይ ጆሮ አለ። ሰው ያልተሰጠውን በግድ አያመጣም።»

ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ነርሷ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ማክሰኞ ቀረች፤ ሐሙስም ቀረች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ድብ የሚሉት ወዳጁ ደወለለት። ድብ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከመምህሩ ጀርባ ቆሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል።

«ያቺ ነርስህ ሳክስፎኗን ልትሸጥ መጥታለች። ጆሮ የለኝም ነው የምትለው። በሻይ ይዣታለሁ፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ላይ ነን፣ ቶሎ ና።»

ሱቁ ሲደርስ ነርሷ ጊታር ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ የሳክስፎኗን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እስቲ አንዴ ውጣልን» አለው መምህሩ ድብን።

«ከገዛ ሱቄ? ደግሞ የምትነግራትን አውቀዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሶሎህን ነዋ። ከኋላህ ቆሜ ነው እኮ ያረጀሁት። ያቺ ረጅሟ ኖታ ስትመጣ ከበሮ መቺው ውኃውን ይጠጣል።»

መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዘጠኝ ዓመት የደበቀ መስሎት፣ ለካ ሲሸፍኑለት ኖረዋል።

«ጆሮሽ ልክ ነበር» አላት። «ሦስቱም አንድ ናቸው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሣጥኑን አጥብቃ ያዘችው።

«ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችው። «የሰው ልብ አዳምጣለሁ። ይሄን ሳምንት አንዱንም የሰማሁትን አላመንኩም፤ ሁሉንም ሁለቴ ሁለቴ ነው ያዳመጥኩት። አንድ አሮጊት ‹ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ?› አሉኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እዚህ አይሆንም። የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይመልሱልኝ።»

ድብ ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን መስታወት ይወለውል ጀመር።

ሰኞ መምህሩ ክፍሉ ፊት ቆመ። ነርሷ ከነሣጥኗ መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። «ባለፈው ሰኞ ውሸት ተናግሬያለሁ» ብሎ ጀመረ። ሶሎው የተሸመደደ መሆኑን፣ የእሷ ጆሮ ልክ መሆኑን፣ ድጋሚ ፈተና እንደማያስፈልጋት ተናገረ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ነርሷ አንዴ ራሷን ነቀነቀችና ደብተሯን ገለጠች።

እሱም አበቃሁ ብሎ ሊቀመጥ ወንበሩን ሳበ።

«መምህር» አለ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ረጅም ልጅ። «አምና እኔንም ሶሎ ሸመደድክ ብለው ነው የጣሉኝ።»

መምህሩ ይህን ጨርሶ አላሰበውም ነበር። ነርሷን ብቻ ነበር ያሰበው።

«እኔንም» አለች ሌላዋ። «እህቴንም። እሷ እንደውም ትምህርቱን ትታ ሄደች።»

ወንበሩን መልሶ ገፋው። ጠመኔ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ፊቱን ባለማየታቸው ትንሽ ቀለለው።

«የጣልኳቸውን ስም ንገሩኝ» አለ። «የሄዱትንም ጨምራችሁ።»