በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ዓለም ገና ከተማ ውስጥ ስልክ ከሌባ መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ቲቲ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል ባቋርጥም ወረዳው የበተነውን የመንግሥት ወረቀት በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፦ የይለፍ ቃል አጠንክሩ፣ የማታውቁትን ሊንክ አትንኩ፣ በመልእክት የመጣላችሁን ቁጥር ለማንም አትስጡ። የስልክ ጠጋኙ የአብዱልከሪም በር ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ፈቀደ ቴሌግራም ስለማይሆንላቸው ስልካቸው የሚውለው እኔ እጅ ነው። የእድሩን ግሩፕ እጠብቅበታለሁ፤ የኔ ዳታ ስለማይበረክት ከጓደኛዬ ከሶፊ ጋርም ወሬ እቀድበታለሁ። ማክሰኞ ስክሪኑ ተሰንጥቆ አብዱልከሪም ጋ አሠራሁት። ረቡዕ ጠዋት ሶፊ ጻፈችልኝ። ለሷ በመልእክት የተላከ ቁጥር በስህተት እዚህ ስልክ ላይ ገብቷልና ቶሎ ንገሪኝ አለች። ሶፊ አይደለች እንዴ? ነገርኳት።

ከሰዓት በጋሽ ፈቀደ ስም ለግሩፑ መልእክት ወጣ፦ ሹፌሩ ወንዳፍራሽ አርፏል፣ የቀብር መዋጮ በዚህ የሂሳብ ቁጥር ይግባ። ሚስቱ የሺሃረግ ጉንጯን በጥፍሯ ቦጫጨረች፤ ደሟ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። ድንኳኑ ሲተከል ሟቹ ሚኒባሱን እየነዳ ከሰበታ ደረሰ።

የሚስቱን ፊት አየና የገዛ ድንኳኑን ብረት ነቀለ። አንዱ፣ የጋሽ ፈቀደ ስልክ ትናንት አብዱልከሪም ጋ ነበር አለ። በቃ። ሰፈሩ «ሃቱ! ሌባ!» እያለ ተከተለው።

የሱቁ መስታወት ረገፈ። አብዱልከሪምን ጎትተው አወጡትና አፉን ከበሩ ጋር አላተሙት፤ ወረቀቴ በደም ራሰ። ያኔ ሶፊ ደወለች። ቴሌግራሟ ከትናንት ጀምሮ ተሰርቋል፤ ጠዋት ቁጥሩን የጠየቀችኝ እሷ አይደለችም።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብረቱ እንደገና ወረደ፤ የአብዱልከሪም ክንድ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ እግሬ ሳላዘው መሀል ገባ።

«ለሌባው ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ተዉት።»

ወንዳፍራሽ ብረቱን ጣለ። የሺሃረግ ግን በጥፊ አጮለችኝ፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።

ጤና ጣቢያ የአብዱልከሪም አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ክንዱ ታስሯል፣ ከንፈሩ ተሰፍቷል። ይቅርታ ከማለቴ በፊት ማስረዳት ጀመርኩ፦ ከነገ ጀምሮ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ በሁለት ቁልፍ፣ በመልእክት ቁጥርም በይለፍ ቃልም፣ እቆልፋለሁ፣ ወረቀቱም እንደዛ ነው የሚለው።

አብዱልከሪም ሳፋው ላይ ደም ተፋ።

«እሱን ወረቀት በሬ ላይ ከምትለጥፊው አፍሽ ላይ ለጥፈሽው ቢሆን ኖሮ፣» አለኝ፣ «ጥርሴ ዛሬ አፌ ውስጥ ነበር።»