በዘልማ የቀረው ባዶ ቦታ

ቁም ጸሐፊው መሪጌታ አካለ ወልድ ዳዊትና ተአምር ሲጽፉበት በኖሩት መቃ ብዕር፣ የእግዚአብሔር ስም የማይጠራበትን አገር ይጽፉበታል ብሎ በቢቸና የገመተ አልነበረም።

አገሪቱ ዘልማ ትባላለች። በልቧ የፈጠረቻት አንዲት ልጃቸው ስርጉት ናት፤ ሞጣ በመምህርነት ከተቀጠረች ሦስተኛ ዓመቷ። በዘልማ ክረምት ሲገባ ተራሮች ሥፍራ ይለዋወጣሉ። የሚነግሠውም ቅብዓ መንግሥት የተቀባ ሳይሆን፣ ሰባት ቀን አፉን ዘግቶ የሕዝቡን አቤቱታ ያዳመጠ ሰው ነው። ታቦት የለ፣ ካህን የለ፤ ዳኛው እንኳ የሚያስምለው በወንዝ ውሃ ነው።

«አባባ፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ እንዲሆንልኝ እሻለሁ» ብላ ታሪኩን የጻፈችበትን ደብተር በሚኒባስ ላከችላቸው። «ቢከብድዎ ዝም ብለው ይመልሱልኝ፤ አልቀየምም።»

ከበዳቸው። ዳሩ ግን ስርጉት ቤቱን የለቀቀችው «ይህን ከንቱ ተረት ተዪ!» ብለው በተቆጧት ማግሥት ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ከ«ደኅና ነዎት» አታልፍም። ደብተሩን መመለስ ደጁን ራሳቸው መዝጋት መሰላቸው።

ከመስከረም እስከ ጥር ጻፉ። አንድ ቀን በደብተሩ ውስጥ፣ ከዘልማ በር ላይ፣ መንገደኛን «ለምን ቆየህ?» ሳይል ውሃ የሚያቀርብ ሽማግሌ አገኙ፤ ሳይናገር ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ የሚጠርግ። መሪጌታም እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ፤ ሽማግሌው ማን እንደሆነ ገብቷቸው ብዕሩን አስቀመጡ። ሊያልቅ ሁለት የብራና ቅጠል ሲቀረው «ነይ ውሰጂ» ብለው ደወሉ።

የጉንደ ወይንን መንገድ አቧራ ለብሳ መጣች። ጉልበት ስማ ተቀመጠችና ገጹን ገለጥ ገለጥ ስታደርግ አንድ ቦታ ላይ እጇን አቆመች።

«አባባ፣ ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው? ዐይንዎ ደክሞ ዘለሉት እንዴ?»

«የአንቺን የዶሮ ጭረት አንብቦ የጨረሰ ዐይን ደከመ ይባላል?»

ሣቀች። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ደነገጡ። ቁም ጸሐፊ ጥቁሩን አስቀድሞ ይጽፋል፤ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ቦታ ይተውና ኋላ በቀይ ይሞላዋል። ልባቸው በዘልማ ሲመላለስ፣ እጃቸው በለመደበት ሄዶ ኖሯል፤ ሰው ዝናም በሚጠብቅበት፣ ሕፃን በሚታመምበት ሁሉ ቦታ ትቷል።

«አበላሸሁብሽ ልጄ። እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።»

ስርጉት ቅጠሉን ገለጠች። ጣቷ እናቷን የቀበረች የዘልማ ልጅ ታሪክ ላይ ቆሟል። የስርጉትን የገዛ እናት፣ ውበቴን፣ ከቀበሩ ገና አምስት ዓመቱ ነው።

«እዚህ ጋ ስጽፍ እኔም ቆሜ ነበር» አለች በዝግታ። «ማንን እንደምትጠራ አጣሁላት።»

መሪጌታ ቀዩን ቀለም ተመለከቱ፤ እጃቸውን ግን አልሰደዱም። «ልሙላው?»

«አይሙሉት፤ በዘልማ ስሙን የሚያውቅ የለም። ግን አይዝጉት። እንደ ተከፈተ ይቆይ።»

ከደጅ የሞጣው ሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ።

«የቀሩት ሁለት ቅጠሎች መቼ ይደርሳሉ?» አለች።

«ለዚህ መኪናስ አይደርሱም።»

ጫማዋን አወለቀች። «እንግዲያው ጥቁሩን ቀለም እኔ ልበጥብጥ።»