የዋጋነሽ መስሚያ

ነገሬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱ ዋጋነሽ በማጅራት ገትር ታማ ከዳነች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። የምትሰማው አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ በሰጣት ትንሽ የጆሮ መሣሪያ ነበር። ልጃቸው ቱሉ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ መሄጃው ሲደርስ፣ መሣሪያው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና ዝም አለ።

«ቱሉ ሳይሄድ ሥራልኝ» አለችው ባሏን። «ድምፁን ልጥገበው።»

ነገሬ ሲከፍተው ክው አለ። እሱ የለመደው የሽቦ እግር ያላቸውን፣ በጣት የሚያዙ የሬዲዮ ዕቃዎችን ነው። እነዚህ ግን እግር የላቸውም፤ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም ሳይበልጡ ቦርዱ ላይ በሆዳቸው ተለጥፈዋል። አንዷ በአንድ ጎኗ ተላቅቃለች።

የመበየጃው ጫፍ ከዕቃዋ ይወፍራል። ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመበትና አሾለው። ቱሉ ባትሪ አበራለት። ነገሬ ትንፋሹን ይዞ ሲነካት ዕቃዋ ጫፉ ላይ ተጣብቃ ተነሳች። በወረንጦ መለሳት። አንዱን ጎን ሲያስይዝ ሌላው ቀና ይላል፤ ያንን ጫን ሲያደርግ ይሄኛው ይለቃል።

«አባዬ፣ ይበቃል፤ ተወው» አለ ቱሉ።

«ዝም በል! መብራቱን አታንቀሳቅስ!»

እንደገና ሲሞክር ከሙቀቱ ብዛት ዕቃዋ የምትያዝበት የመዳብ መስመር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከቦርዱ ተላጠ። ከእንግዲህ የሚበየድበት ቦታ የለም። ነገሬ መበየጃውን ከሶኬት ነቀለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

ቅዳሜ ጠዋት ምልምሎቹ ማዞሪያው ላይ ተሰበሰቡ። ቱሉ እናቱን አቅፎ ጆሮዋ ሥር ብዙ ነገር አወራት። የተሰማት ትንፋሹ ብቻ ነበር።

«ቀና በልና ንገረኝ፣ አፍህን ልየው!» አለችው። አንድ የአብዮት ጠባቂ ግን ልጁን ጎትቶ መኪና ላይ ጫነው።

«ምን አለኝ?» ብላ የባሏን እጅ ያዘች።

ነገሬም አልሰማም፤ የመኪናው ጩኸት ውጦበታል። «አይዞሽ፣ እመለሳለሁ አለሽ» አላት አፉን ከፈት እያደረገ።

«ያን ሁሉ አውርቶኝ ይህን ብቻ?»

ነገሬ አፉን እንዳታይበት ፊቱን አዞረ።

በዓመቱ የቀበሌ ሰዎች መርዶ ይዘው መጡ። ነገሬ እንዴት እንደሚነግራት ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ዋጋነሽ ከሰዎቹ አፍ ላይ አንብባ ጨርሳ ነበር።