ሁለት ግራ እጅጌ

ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለልብስ ሰፊው ወንድሟ ነው። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ "አንዳንድ መድኃኒት እንደ እጅ ቀኝና ግራ አለው። ቀኙ ልብን ሲረዳ መንትያው ይጎዳል። የሚወስዱት ክኒን ውስጥ ግራው ገብቶ እንደሆነ እጠረጥራለሁ" ሲል፣ እሷ የመድኃኒት መመርመሪያ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሆና ሳለ "እንዴት?" አለች። ወንድሟ ግን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሳቀ።

"ገባኝ ዶክተር። ጀማሪ ቆራጭ ጨርቁን ሳይገለብጥ ይቆርጥና ሁለት ግራ እጅጌ ይዞልኝ ከች ይላል። ቁመቱ ልክ፣ ስፋቱ ልክ። ጉዱ የሚወጣው ትከሻ ላይ ሲሞከር ነው።"

"ጥፋቱ የመድኃኒቱ ከሆነ በሌላ እንቀይረዋለን፤ ይሻልዎታል" አለ ሐኪሙ። ካልሆነስ የሚለውን ማንም አልጠየቀው።

እሷ "ከሆነ" የምትለዋን ቃል ጨብጣ ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት ንጹሕ እንዲሆን ስትሠራ ኖራ፣ አሁን የወንድሟ ክኒን የተበላሸ ሆኖ እንዲገኝ መመኘቷ ለራሷም ግራ ገባት።

ሁለቱን እጆች የሚለየው የላብራቶሪው ቀጭን ቱቦ፣ ኮለሙ፣ አርጅቶ ተጥሎ ነበር። አዲሱ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል። የወንድሟ እግር ደግሞ በየቀኑ ያብጥ ነበር።

"እኔው ልሥራው" አለች ለአለቃዋ። ሽማግሌው በልኬት ቀልድ ስለማያውቁ በሌሉበት "ጠብታ" ይባላሉ።

"ሥሪው ልጄ። ግን እንዳትቸኩዪ።"

ሥራው እንዲህ ነው። የፀጉር ያህል የቀጠነች የመስታወት ቱቦ ውስጧ ኋላ የሚሞላትን ፕላስቲክ መሰል ፖሊመር አጥብቆ እንዲይዝ አንድ ሌሊት በኬሚካል ይዘፈዘፋል። ከዚያ የፖሊመሩ ቅመሞች ከአልኮል ጋር ይደባለቃሉ፤ ከቅመሞቹ አንዱ ራሱ ባለ አንድ እጅ ነው፤ ቀኝና ግራውን የሚለየውም እሱ ነው። አየሩ በናይትሮጅን ይባረራል፣ ድብልቁ ቱቦዋን ይሞላል፣ ጫፍና ጫፏ በጎማ ይደፈንና ስልሳ ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሃያ ሰዓት ትቆያለች። ፈሳሹ እዚያው ይረጋል። አልኮሉ ታጥቦ ሲወጣ ባለ ቀዳዳ፣ ስፖንጅ የመሰለ አንድ ወጥ ነጭ ዘንግ ይቀራል። መድኃኒቱ በዚያ ሲያልፍ አንደኛው እጅ ቶሎ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል።

የመጀመሪያው ላይ ቀዳዳ የሚከፍተውን አልኮል አሳነሰችው። ፓምፑ ቢገፋ ቢገፋ አንዲት ነጥብ አልወጣ አለች።

"ይሄ ኮለም አይደለም፣ ድንጋይ ነው" አሉ ጠብታ።

በሁለተኛው ፈሳሹ ሽው ብሎ አለፈ፤ ቀኝም ግራም አንድ ላይ ወጡ። ፖሊመሩ ከግድግዳው ተላቆ ነበር።

"ግድግዳውን ስንት ሰዓት ዘፈዘፍሽው?"

"ሁለት።"

"ሁለት? አንድ ሌሊት የሚለውን?"

"ወንድሜ እየደከመብኝ እኮ ነው።"

"ኬሚካሉ ወንድምሽን አያውቀውም!" አሉ። ወዲያው ደነገጡና ወንበር ስበው አስቀመጧት።

ሆስፒታል ስትሄድ ወንድሟ በትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። መጋደም ካቃተው ሰንብቷል።

"እህስ፣ እጅጌዬ ደረሰ?"

"ገና ነው ጋሼ። ሁለቴ አበላሸሁት።"

"አይዞሽ እቴ። እኔም የሠርጉ ዕለት ሙሽራ በሸሚዝ አስቀርቻለሁ። ቀስ ብለሽ ሥሪ።"

ሦስተኛውን ቀስ ብላ ሠራች። ለሙከራ ቀኝና ግራ የተደባለቀበት ናሙና ስትሰድበት ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጉብታዎች፣ አንዱ የቀኙ አንዱ የግራው፣ ተራርቀው ቆሙ። ጠብታ አጨበጨቡ። ከዚያ የወንድሟን ክኒን አሟሙታ ሰደደች።

የቀኙ ጉብታ ወጣ። ግራው መምጫው ሰዓት ደረሰ፤ መስመሩ እንደተኛ ቀረ። ሰዓቱ አለፈ።

"እንኳን ደስ…" አሉ ጠብታ፤ ፊቷን ሲያዩ ዋጡት።

መጠኑን ጨምራ ደገመችው። ሌላ ክኒን ፈጭታ ሰለሰችው። ያው ነው።

"ኮለሙ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

ጠብታ በክኒኑ ፈሳሽ ላይ ከመቶ አንድ እጅ ግራ በገዛ እጃቸው ጨምረው ሰደዱት። ትንሽዬ ጉብታ በቦታዋ ብቅ አለች። "ይህችን ታህል እንኳ አያመልጠውም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከተገዛው ይበልጣል፣ ልጄ።"

ምነው ይሄንንም ባበላሸሁት አለች በሆዷ።

ሐኪሙ የውጤቱን ወረቀት ሁለቴ አነበበው። "እንግዲያው የደከመው ልቡ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ይቀጥል" አለ።

ወንድሟ ገና ከበሩ "ስንት ግራ ተገኘ?" አላት።

"ምንም። ንጹሕ ነው።"

"ጎሽ! ቆራጩ ባለሙያ ነዋ።" ከዚያ ዕንባዋን አየ። "አንቺ እኮ ለዚህ ነው የተማርሽው። ምን ያስለቅስሻል?"

ነርሷ የሰዓቱን ክኒን አምጥታ ነበር። እህቱ ተቀብላ ምላሱ ላይ አኖረችለት፣ ማጅራቱን ደግፋ ውኃ አስጎነጨችው። ዋጠ። እሷም ብርጭቆውን እንደያዘች፣ ትንፋሹ ወጣ ገባ ሲል እየቆጠረች፣ አጠገቡ ቆመች።